ዱድል ቡችላ አድጎ ምን ይሆናል?

ጠያቂ፦ ዶክተር፣ ጎልደንዱድል ቡችላ አድጎ ስንት ኪሎ ይሆናል?

ሐኪም፦ ለጎልደንዱድል ቁርጥ ያለ አንድ ክብደት የለም። ዱድል የሚባለው ፑድል ከሌላ ዝርያ ጋር ተዳቅሎ የሚወለድ ውሻ ነው፤ ከጎልደን ሪትሪቨር ሲወለድ ጎልደንዱድል፣ ከላብራዶር ላብራዱድል፣ ከበርኒዝ ማውንቴን በርኔዱድል፣ ከኮከር ስፓንየል ኮካፑ ይባላል። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ አንዳቸውንም እንደ ዝርያ አይቀበልም፤ ስለዚህ ክለቡ ለሌሎች ውሾች የሚያወጣው የቁመትና የክብደት ደረጃ ለእነርሱ የለም። መልሱ ያለው ወላጆቹ ዘንድ ነው። ጎልደን ወንዱ ከ29 እስከ 34 ኪሎ፣ ሴቷ ከ25 እስከ 29 ኪሎ ትመዝናለች። ፑድል ግን ሦስት ዓይነት ነው። ስታንዳርድ የሚባለው ትልቁ እስከ ትከሻው ሲለካ ከ38 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን ከ18 እስከ 32 ኪሎ ይደርሳል። ሚኒየቸሩ ከ25 እስከ 38 ሴንቲ ሜትር ቁመትና ከ4.5 እስከ 7 ኪሎ ክብደት አለው፤ ቶይ የሚባለው ትንሹ ከ25 ሴንቲ ሜትር አያልፍም፣ ክብደቱም 2 ወይም 3 ኪሎ ነው። የቡችላው ወላጅ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የሚነገር ክብደት ሁሉ ግምት ብቻ ነው።

ጠያቂ፦ የእናትና የአባቱን ክብደት ደምሮ ለሁለት ማካፈል አይበቃም?

ሐኪም፦ ወላጆቹ ሲቀራረቡ ይበቃል። 24 ኪሎ የምትመዝን ስታንዳርድ ፑድል ከ32 ኪሎ ጎልደን ብትወልድ ልጆቹ 28 ኪሎ ገደማ ይሆናሉ፤ ወንዶቹ ትንሽ ከፍ፣ ሴቶቹ ትንሽ ዝቅ ይላሉ። የሚያስቸግረው ሚኒ የሚባለው ዱድል ነው። አባቱ 6 ኪሎ ሚኒየቸር ፑድል፣ እናቱ 28 ኪሎ ጎልደን ስትሆን ስሌቱ 17 ኪሎ ይሰጣል። የመጀመሪያው ትውልድ፣ አራቢዎች ኤፍ ዋን የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ ወደዚያ ቁጥር ይጠጋል፤ እያንዳንዱ ቡችላ አንድ እጅ ከትልቁ፣ አንድ እጅ ከትንሹ ይወርሳልና። ሁለት ኤፍ ዋኖች እርስ በርሳቸው ሲዳቀሉ ግን ነገሩ ይለወጣል። የውሻን መጠን ከሚወስኑት ዘረ መሎች ዋነኛው አይጂኤፍ ዋን የሚባለው እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2007 ታውቋል፤ ሌሎችም በርካታ አሉ። በሁለተኛው ትውልድ አንዱ ቡችላ የትንሽነቱን ዘረ መል ከሁለቱም ወላጆች ሊወርስ ይችላል፣ ወንድሙ ደግሞ የትልቅነቱን። ከአንድ እናት በአንድ ሌሊት ከተወለዱ ቡችሎች አንዱ የሌላውን እጥፍ ቢያህል አያስገርምም። ስለዚህ ሻጭ «ከ15 ኪሎ አያልፍም» ብሎ ቢምል፣ ከዚህ በፊት ከእነዚሁ ወላጆች የተወለዱት አድገው ስንት እንደመዘኑ መጠየቅ ከማንኛውም ስሌት ይሻላል።

ጠያቂ፦ በማስታወቂያ ላይ ፔቲት፣ ሚኒ፣ ሚዲየም፣ ስታንዳርድ የሚሉት ምንድን ነው?

ሐኪም፦ የሰሜን አሜሪካ የጎልደንዱድል ማኅበር የሚጠቀምበት ክፍፍል ነው። በግርድፉ እስከ 25 ፓውንድ ያለው ፔቲት፣ እስከ 35 ያለው ሚኒ፣ እስከ 50 ያለው ሚዲየም፣ ከዚያ በላይ ያለው ስታንዳርድ ይባላል። በኪሎ 11፣ 16 እና 23 መሆኑ ነው። ሻጩን የሚያስገድደው ነገር ስለሌለ ማንም እንደፈለገ ይለጥፈዋል። «ቲካፕ» የሚለው ስም ሲጨመር ደግሞ መጠንቀቅ ይገባል፤ ትንሽነቱ የመጣው ደካማውን ከደካማ ጋር በማዳቀል ሊሆን ይችላል። እጅግ ትንሽ ቡችላ ምግብ ትንሽ ሲዘገይበት በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ይወርድና ይዝለፈለፋል፤ አጥንቱም ከሶፋ ሲዘል ሊሰበር ይችላል።

ጠያቂ፦ እድገቱ መቼ ይቆማል?

ሐኪም፦ ከ10 ኪሎ በታች የሚቀረው በ8 እና በ10 ወሩ መካከል ያቆማል። መካከለኛው ዓመት ገደማ ሲሞላው፣ ትልቁ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይጨርሳል፤ ቁመቱ ቀድሞ ይቆምና ደረቱና ጡንቻው ቆየት ብሎ ይሞላል። ትልቅ የሚሆን ቡችላ በ4 ወሩ ሲመዘን ከአዋቂ ክብደቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ይዟል፤ ትንሹ በዚያ ዕድሜ ከግማሽ አልፏል። በ4 ወሩ 12 ኪሎ የሆነ ቡችላ 25 ኪሎ አካባቢ ይጠበቃል ማለት ነው። መዳፉን አይቶ መገመት የተለመደ ነው፤ ሆኖም ፀጉሩ መዳፉን ስለሚያሰፋው በዱድል ላይ ያሳስታል። የሚታመነው ሚዛን ነው። በየሁለት ሳምንቱ እየመዘኑ መጻፍ የእድገቱን መስመር ያሳያል፣ ሐኪሙም ከዚያ ላይ ብዙ ነገር ያነባል።

ጠያቂ፦ ቶሎ እንዲያድግ ጥሩ ጥሩውን ማብላቱስ?

ሐኪም፦ ጉዳቱ ያመዝናል። የመጨረሻ መጠኑ ከዘሩ የመጣ ስለሆነ በምግብ ብዛት አይጨምርም፤ የሚጨምረው እድገቱ የሚሮጥበት ፍጥነት ነው። አጥንቱ ገና ለስላሳ ሳለ ክብደት ሲጫነው መገጣጠሚያው ያለልኩ ይቀረጻል። በተለይ ካልሲየም የበዛበት ምግብ ለትልቅ ቡችላ ጎጂ ነው፤ የቡችላ አንጀት ትርፉን ካልሲየም መመለስ አይችልምና ከሚያስፈልገው በላይ ያስገባል። ስለዚህ አዋቂ ሲሆን ከ23 ኪሎ በላይ ይሆናል ተብሎ ለሚጠበቅ ዱድል «ለትልቅ ዝርያ ቡችላ» ተብሎ የተዘጋጀውን ምግብ መስጠት፣ አጥንትና ካልሲየም እንክብል አለመጨመር ነው። ቅን አሳቢ የሆነ ቤተሰብ ከፍቅር የተነሣ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የማምከን ቀዶ ሕክምና ጊዜ ነው። በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ድቅል ውሾችን በክብደት ከፍሎ ተመልክቷል። 20 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆኑት ዓመት ሳይሞላቸው ሲመከኑ የመገጣጠሚያ ሕመማቸው ጨምሮ ተገኝቷል፤ ከዚያ በታች ባሉት ላይ እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየም። ብዙ አራቢዎች በ6 ወሩ እንዲመከን በውል ያስገድዳሉ። የቡችላው የወደፊት ክብደት ከ20 ኪሎ የሚያልፍ ከመሰለ ይህን አንቀጽ ከመፈረም በፊት መደራደር ይገባል።

ጠያቂ፦ ድቅል ስለሆነ ጤናው ከንጹሕ ዝርያ ይበልጣል ይባላል። አገር ቤት ያሉት ውሾቻችንስ ዘራቸው የተቀላቀለ አይደል? ሐኪም ሳያዩ ያረጃሉ።

ሐኪም፦ ሁለቱ አይገናኙም። አገር ቤት በየግቢውና በየመንደሩ ያለው ውሻ ማንም ሳይመርጥለት ለብዙ ትውልድ የተዋለደ ነው። ደካማው ቡችላ ሳያድግ ይሞታል፤ የምናየው የተረፈውን ነው፣ ያልተረፉትን ማንም አልቆጠራቸውም። ዱድል ደግሞ በር ዘግተው ከመቶ ዓመት በላይ የተዋለዱ ሁለት ዝርያዎች የመጀመሪያ ልጅ ነው። የሚያገኘው ጥቅም አለ፤ አንዱ ዝርያ ብቻ የሚሸከመው ድብቅ በሽታ ከሁለቱም ወላጅ ካልመጣ አይገለጥም። በሁለቱም ዝርያዎች ዘንድ ያለውን በሽታ ግን መዳቀል አያጠፋውም።

በዚያው በዴቪስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት በዘር የሚመጣ ሕመም የተገኘባቸውን ከ27 ሺህ በላይ ውሾች መዝገብ አገላብጧል። ከ24 ሕመሞች 10ሩ በንጹሕ ዝርያ ላይ በዝተው ተገኙ፤ በ13ቱ ልዩነት አልነበረም። አንዱ፣ የኋላ ጉልበት ጅማት መበጠስ፣ በድቅሎቹ ላይ በዝቷል። ወደ ዱድል የሚቀርበው ግን የለንደኑ ሮያል ቬተሪነሪ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ነው። ኮካፑ፣ ላብራዱድልና ካቫፑ የተባለው ሌላ የፑድል ድቅል ከወላጅ ዝርያዎቻቸው ጋር በ57 የተለመዱ ሕመሞች ተነጻጸሩ። በ86.6 ከመቶው ንጽጽር ልዩነት አልታየም፤ በቀሪው አንዳንዴ ድቅሉ፣ አንዳንዴ ንጹሑ ዝርያ ተሽሎ ተገኘ። ዋጋው ላይ «ጤናማ ስለሆነ» ተብሎ የሚጨመረው ገንዘብ በዚህ ማስረጃ አይደገፍም።

ጠያቂ፦ በሁለቱም ዘንድ አለ የሚባለው በሽታ የትኛው ነው?

ሐኪም፦ አንዱ የዓይን በሽታ ነው። ፒአርሲዲ የሚባለው የሬቲና መመንመን በፑድልም፣ በላብራዶርም፣ በጎልደንም፣ በኮከርም አለ። ውሻው መጀመሪያ በምሽት ማየት ይሳነዋል፣ በመጨረሻ ጨርሶ ይታወራል። የሚገለጠው የተበላሸው ዘረ መል ከሁለቱም ወላጅ ሲወረስ ነው። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ሆነው ዓይናቸው ደህና ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ውሾች ሲዳቀሉ ለእያንዳንዱ ቡችላ የመታወር ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ንጹሕ ከሆነ ግን አንድም ቡችላ አይታወርም። ምርመራው በጉንጭ ውስጥ ጥጥ አሽቶ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ብቻ ነው። ይህን ያህል ቀላል ምርመራ ሳያደርግ ውሾችን አዳቅሎ የሚሸጥ አራቢ ሰበብ የለውም።

ፑድል ብቻ ወይም በዋናነት የሚሸከማቸውም አሉ፤ የደም መርጋት ችግር የሆነው ቮን ዊልብራንድ፣ በስታንዳርድ ፑድል ቡችሎች ላይ የሚታየው ገዳይ የአንጎል ሕመም፣ የቆዳ ቅባት ዕጢ ብግነት፣ አዲሰን የሚባለው የአድሬናል ዕጢ ድካም። እዚህ ላይ ኤፍ ዋን ቢ የሚባለውን ማወቅ ይጠቅማል። ኤፍ ዋኑ ተመልሶ ከሌላ ፑድል ጋር ሲዳቀል የሚወለደው ነው፤ ሦስት እጁ ፑድል፣ አንድ እጁ ጎልደን ነው። ፀጉሩ አይረግፍም ተብሎ በጣም ይፈለጋል። ነገር ግን ኤፍ ዋኑ ከፑድል ወላጁ የወረሰው ድብቅ ዘረ መል ካለ፣ ሁለተኛው ፑድልም ያንኑ ከተሸከመ፣ የመጀመሪያው መዳቀል የሰጠው መከታ እዚያ ላይ ያበቃል። ለፀጉሩ ሲባል የጤናው ጥቅም ተሠዋ ማለት ነው።

ጠያቂ፦ መገጣጠሚያውስ?

ሐኪም፦ የዳሌ መገጣጠሚያ መላላት በጎልደን፣ በላብራዶር፣ በበርኒዝና በስታንዳርድ ፑድል ሁሉ አለ። ጉዳዩ የአንድ ዘረ መል ብቻ ስላልሆነ በጉንጭ ምርመራ አይያዝም፤ የሚታየው በራጅ ነው። በአሜሪካ ይህን የሚመዘግበው ኦኤፍኤ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ ድርጅት ነው። ማረጋገጫ ቁጥር የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ሲሞላው ነው። የቁጥሩን አጻጻፍ ለሚያውቅ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል፦ መጀመሪያ የዝርያው ምሕጻር ይመጣል፣ ከዚያ ተራ ቁጥሩ፣ ቀጥሎ እጅግ ጥሩ፣ ጥሩ ወይም ደህና መሆኑን የምታሳይ አንዲት ፊደል፣ ከእርሷ በኋላ ውሻው ራጅ ሲነሣ የነበረው ዕድሜ በወር፣ ከዚያ ጾታው። ከፊደሏ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ከ24 ካነሰ ማረጋገጫ ሳይሆን ቅድመ ምርመራ ነው። ቁጥሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማየት ለማንም ክፍት ነው፤ ስሙ ካልወጣ ወረቀቱ አይታመንም። «ሐኪም አይቶታል፣ ጤነኛ ነው» የሚል ደብዳቤ ይህን አይተካም፤ ያ ተራ ምርመራ ልብና ሳንባ አዳምጦ፣ ጥርስ አይቶ የሚያበቃ ነው።

ለትንንሾቹ የሚያሰጋው ደግሞ የጉልበት ሎሚ መውለቅ ነው። ውሻው እየሮጠ ሳለ አንድ የኋላ እግሩን አንሥቶ ጥቂት ዘለል ዘለል ብሎ እንደገና ደህና ከሆነ ምልክቱ ያ ነው።

ጠያቂ፦ ፀጉሩ አለርጂ አያስነሣም የሚባለውስ?

ሐኪም፦ የላብራዱድል ታሪክ የጀመረው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአውስትራሊያ ሮያል ጋይድ ዶግስ ይሠራ የነበረው ዋሊ ኮንሮን፣ በሃዋይ ለምትኖር ማየት ለተሳናት ሴት ባሏን የማያስነጥስ መሪ ውሻ ሲፈልግ ላብራዶርና ስታንዳርድ ፑድል አዳቀለ። ሦስት ቡችሎች ተወለዱ፤ ከሦስቱ የሰውየውን አለርጂ ያላስነሣው አንዱ ብቻ፣ ሱልጣን የተባለው፣ ነበር። ወንድማማቾች ሆነው ይህን ያህል ከተለያዩ ዛሬ ለሚገዛ ሰው ማረጋገጫ መስጠት አይቻልም። ዋናው አለርጂ አምጪ ፕሮቲን ከምራቅና ከቆዳ የሚመጣ እንጂ ፀጉሩ ራሱ አይደለም። ኮንሮን በኋለኛ ዘመኑ ሰዎች ሳይመረምሩ ለገንዘብ ሲያዳቅሉ አይቶ በሥራው እንደተጸጸተ በይፋ ተናግሯል።

የማይረግፍ ፀጉር የራሱ የጤና ጣጣ አለው። ከ6 ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ የቡችላው ለስላሳ ፀጉር በአዋቂው ሲተካ፣ የወደቀው መሬት ሳይደርስ በአዲሱ ውስጥ ይጠመዳል። ከላይ ሲዳሰስ ለስላሳ ነው፤ ብረት ማበጠሪያ እስከ ቆዳው ሲገባ ግን ከጆሮው ጀርባ፣ ከብብቱ፣ ከአንገት ማሰሪያው ሥር ይያዛል። የተቋጠረው ፀጉር ቆዳውን እየጎተተ እርጥበት ይይዛል፣ ሥሩ ይቆስላል። መፍትሔው ፀጉሩን ክፍል ክፍል እያደረጉ እስከ ቆዳ ማበጠር፣ በየ6 ወይም 8 ሳምንቱ ማስቆረጥ ነው። ጆሮውም እንዲሁ ተንጠልጣይና ውስጡ ፀጉራም ስለሆነ አየር አይደርሰውም፤ ከታጠበ ወይም ከዋኘ በኋላ ካልደረቀ ፈንገስ ያፈራል። ዱድል ወደ ክሊኒክ ከሚመጣባቸው ምክንያቶች ጆሮ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው።

ጠያቂ፦ እንግዲህ ስንት ዓመት ይኖራል?

ሐኪም፦ ትልቁ ጎልደንዱድል ከ10 እስከ 14፣ ትንሹ ከ12 እስከ 15 ዓመት ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነው። በውሻ ዘንድ ትልቅ አካል ቶሎ ያረጃል፤ ዝርያዎችን ያነጻጸረ ጥናት ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 2 ኪሎ አንድ ወር ያህል ዕድሜ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የወላጅ ዝርያውም ይመዝናል። በርኒዝ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ ለበርኔዱድል 15 ዓመት ተስፋ መስጠት መሠረት የለውም። ድቅልነት ራሱ ዕድሜ እንደማይጨምርም ታይቷል፦ በብሪታንያ ከ584 ሺህ በላይ ውሾችን የተመለከተና እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት፣ ግማሾቹ የሚያልፉት ዕድሜ ለንጹሕ ዝርያ 12.7፣ ለድቅል 12 ዓመት ሆኖ አግኝቶታል።

ጎልደን ሲባል ካንሰርን ማንሣት ግድ ነው። በአሜሪካ ጎልደን ዘንድ ከግማሽ በላይ የሚሞቱት በካንሰር ነው። ሞሪስ የእንስሳት ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ከ3 ሺህ በላይ ጎልደኖችን መዝግቦ ዕድሜ ልካቸውን መከታተል የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ የጉንጭ ምርመራ የለም። ያለው አማራጭ የቡችላው አያቶች ስንት ዓመት ኖሩ፣ በምን ሞቱ ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን የሚያውቅ አራቢ ውሾቹን ከሸጠ በኋላ የሚከታተል ነው፤ የማያውቅ ደግሞ ስለ ዕድሜ የሚናገረው ከማስታወቂያ የቀዳውን ነው።

ጠያቂ፦ ባለቤቱ ሊጨምርለት የሚችለው ዕድሜ አለ?

ሐኪም፦ አለ፣ በቁጥርም ተለክቷል። ፑሪና የምግብ ኩባንያ 48 ላብራዶሮችን ከአንድ እናት የተወለዱትን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ለ14 ዓመት ያህል ተከታተለ፤ ከጥንዱ አንደኛው ሌላው ከሚበላው 25 ከመቶ እየተቀነሰ ይሰጠው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ ብዙ የበሉት መካከለኛ ዕድሜ 11.2፣ በልክ የበሉት 13 ዓመት ነበር። የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘግይቶ ነው የመጣው። ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ከሳህኑ ላይ ተገኘ።

በዱድል ላይ ግን ፀጉሩ ውፍረቱንም ክሳቱንም ይደብቃል፤ ዓይን አይበቃም፣ ጣት ፀጉሩን ዘልቆ ጎድኑን መዳሰስ አለበት። የተዘረጋውን እጅ ጀርባ በሌላው እጅ ጣቶች ሲዳስሱ አጥንቱ በቀጭን ቆዳ ሥር እንደሚሰማው ጎድኑም እንዲያ ከተሰማ በልኩ ነው። እንደ ተጨበጠ ቡጢ አንጓ ከሾለ ከስቷል። እንደ መዳፍ ሥጋ ከሰረጎደ ወፍሯል። በየወሩ ከመታጠቡ በፊት ይህን ማድረግ ይበቃል። እንጀራው፣ ዳቦው፣ የልጆች ትርፍራፊ ሁሉ በቀኑ ምግብ ውስጥ ይቆጠራል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ወጥ ግን በጥቂቱም ቢሆን አይሰጥም፣ የደሙን ቀይ ሕዋስ ያፈርሳል።

ጠያቂ፦ ዕድሜው ሲገፋስ ምን ይጠበቃል?

ሐኪም፦ ትልቁ ከ7 ወይም ከ8 ዓመቱ፣ ትንሹ ከ10 ዓመቱ ጀምሮ እንደ ሽማግሌ ይታያል። በዓመት ሁለቴ መመርመር፣ ደምና ሽንት ማየት፣ ጥርሱን ማጽዳት ያስፈልጋል። የጎልደን ደም ባለበት ዱድል ላይ ሆዱን በአልትራሳውንድ ማየት ይመከራል፤ ጣፊያ ላይ የሚወጣው የደም ሥር ካንሰር እስኪፈነዳ ድረስ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ድዱ ድንገት ነጭ ከሆነ፣ ሆዱ ካበጠና መቆም ካቃተው በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክሊኒክ መውሰድ ነው። ስታንዳርድ ፑድል ባለበት ደግሞ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ሳይወጣው ሆዱ የሚነፋ ከሆነ ጨጓራው ተጠምዞ ይሆናል፤ እርሱም ሰዓታት እንጂ እስከ ነገ የሚሰጥ ጊዜ የለውም።